እትዬ ታደለችና የፖርቶ ሪኮው ፎርም

ሐበሻ በተከራየበት አፓርትመንት ሁሉ አንዲት የፎርም ሚኒስትር አለች። ማንም አልሾማትም፤ ማንም አያወርዳትም። አሜሪካ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ለምንኖረው ለእኛ የደረሱን ክብርት እትዬ ታደለች ናቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ እስክሪብቷቸው ጸጉራቸው ውስጥ ነው የሚያድረው።

ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ፣ ባለቤቱ ሳይከፍተው እሳቸው ይሰማሉ። ጎረቤታችን ፍቃዱ አንዱን ደብዳቤ ሳያሳያቸው ጥሏል ተብሎ ሁለት ሳምንት ሰላምታ ተከልክሏል። የስልክ ወረፋ አያሸንፋቸውም። ስልኩ ሙዚቃውን ሲያሰማ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ያቁላላሉ፤ ሰው ሲያነሳ "ሄሎ፣ አልሄድኩም!" ይሉታል። ባለቤቴ ያረፈች ሰሞን ወረቀቱን ሁሉ የጨረሱልኝ እሳቸው ናቸው።

የመመሪያቸው ሁሉ ማሰሪያ አንድ ነበር፤ "ዜጋ ከሆነ አለቀ!" ይህን የሚጠራጠር ከመካከላችን አልነበረም። በዲቪ ሎተሪ መጥተን፣ አምስት ዓመት ቆጥረን፣ እጃችንን አንስተን የማልን ሰዎች ነን፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ በር ያለ አይመስለንም።

ጎረቤታችን ካርመን የፖርቶ ሪኮ ሰው ናት፤ የአሜሪካ ዜጋ ሆና ነው የተወለደችው። "ሳትምል!" እያሉ እትዬ ታደለች ይቀኑባት ነበር። ወንድሟን ራፋኤልን ስትሮክ ግራ ጎኑን ወስዶበታል። እዚህ ከእሷ ጋር ሲኖር ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጠውን የወር ድጎማ ያገኝ ነበር፤ ሜዲኬይድም፣ ማለት የመንግሥቱ የሕክምና መድን፣ አለው። ግን ካርመን ሥራ ስትውል ብቻውን ይውላል። ፖርቶ ሪኮ ደሴት ላይ ያሉት እናታቸው "እኔ ልያዘው" አሉ። ካርመን ክብርት ሚኒስትሯን አማከረች።

"ላኪው። ከአሜሪካ ወደ አሜሪካ ነው። ዜጋ ከሆነ አለቀ!"

ሄደ። በሁለተኛው ወር ድጎማው ቆመ።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ታደለች ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው ድጎማውን ወደሚሰጠው ቢሮ ደወሉ፤ ካርመንና እኔ ቁጭ ብለን ሰማን። የቢሮዋ ሴት በትሕትና አስረዳች። ደሴቲቱ የአሜሪካ ግዛት ናት እንጂ ስቴት አይደለችም። ይህ ድጎማ እዚያ ለሚኖር አይሰጥም፤ ሠላሳ ቀን ከቆየ ይቆማል። ለሜዲኬይድ የሚላክላትም ገንዘብ ጣሪያ አለው።

"ዜጋ ነው እኮ!"

"አዎ፣ ማም፤ ዜጋ ነው።"

"አውሮፕላን ሲሳፈር በሽታው ለቀቀው?"

ሴትየዋ ሌላ ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቀች።

ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ታደለች መነጽራቸውን አወለቁ። "ካርመን፣ ተሳስቻለሁ" አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና ይህን ቃል ከእሳቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ መነጽሩን መልሰው አደረጉት። "ኦኬ። መቼ ይመለስ?"

ካርመን አንገቷን ደፋች። ወንድሟ ሲሄድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች አንዲት ክፍል ተዛውራለች። ሊፍት የለም፤ ራፋኤል ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ነው።

እትዬ ታደለች ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ምድር ወለል ላይ ነህ።"

"ነኝ።"

"ሁለት መኝታ ነው።"

"ነው፤ ግን..."

"ግን ምን?"

ሁለተኛው ክፍል ባለቤቴ የታመመችበት ነው። በሩን የምከፍተው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው። ይህን አልተናገርኩም። የመጨረሻውን አንሶላ ያጠቡት እሳቸው ናቸው፤ ያውቃሉ።

"ፎርሙ ላይ ያንተን አድራሻ እጽፋለሁ" አሉ።

"ሳይጠይቁኝ?"

"ምነው፣ እየጠየቅኩህ አይደል?"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልጋውን አብረን ገፋን። ወንበሩ እንዲዞር ቁም ሣጥኑ ይውጣ አሉ፤ ወጣ። የቀረውን ልብሷን እሳቸው አጣጠፉ፤ እኔ ሻንጣውን ያዝኩላቸው። ራፋኤል ሐሙስ ይገባል። ሠላሳ ቀን ይቆጠራል፤ ከዚያ ለድጎማው እንደ አዲስ ያመለክታል። "እምቢ ካሉም ይግባኝ አለ" ይላሉ፤ የይግባኙን ፎርም ከአሁኑ አስወጥተዋል።

ልጄ "እኔ ያለሁበት ሪቻርድሰን ከተማ መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር" ይለኛል፤ እሺ ልለው ተቃርቤ ነበር። ትናንት የኪራይ ውሌን ለአንድ ዓመት አደስኩና ወስጄ አሳየኋቸው። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ቀኑን ተሳስቼ ነበር፤ አረሙልኝ።