የሁለት ደቂቃ እስረኛ ጠያቂ

ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። የወለደች፣ የታመመ፣ ሐዘን የደረሰበት፣ መኪና ያጋጨ ሰው መኖሩን ከዘመድ ቀድሞ ይሰማል፤ ከዘመድ ቀድሞም በር ያንኳኳል። የአትላንታው ክቡር ጠያቂ ጋሽ ከሊፋ ናቸው። ቀን ኮንየርስ ባለ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዱ ይውላሉ፤ ከሥራ ሲወጡ የሚጠይቁትን ሰው ፍለጋ ይዞራሉ። እኔን እንኳ ጥርሴን ባስነቀልኩ ማግስት ስኔልቪል ቤቴ ድረስ መጥተው፣ "ምነው አምባቸው፣ ሳትነግረኝ?" ብለው ተቆጥተውኛል።

ወደ በረዶ ሆኪ ጨዋታ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። መሥሪያ ቤቴ ሁለት ትኬት ሰጥቶኝ አብሮኝ የሚሄድ ሰው አጣሁ። ውጭው ገና ሙቀት ነው፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ሌላ ዓለም። ነጭ ብርሃን፣ ነጭ በረዶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ እግራቸው መሬት የማይነካ የሚመስሉ ሰዎች ይንሳፈፋሉ። እኔ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቅ ፈዝዤ ቀረሁ። ጋሽ ከሊፋ ግን አንድ ተጫዋች ለብቻው ከመስታወት ጀርባ ተዘግቶበት ሲቀመጥ አዩ።

"ይሄ ልጅ ምን አድርጎ ነው?"

"ሰው መትቶ ነው ጋሼ። ፔናሊቲ ነው።"

"ስንት ፈረዱበት?"

"ሁለት ደቂቃ።"

"ጠያቂ አለው?"

በሳምንቱ የዓመቱን ጨዋታ ሁሉ የሚያስገባ ሲዝን ትኬት አስገዙኝ፤ መቀመጫችንም ከቅጣት ክፍሉ ጀርባ ሆነ። የእኛም ይሁን የባላጋራ ተጫዋች ይግባ፣ ጋሽ ከሊፋ ብድግ ብለው መስታወቱን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ፦ "አይዞህ የኔ ልጅ፣ አላህ ያስፈታህ!" አንድ ቅዳሜ ሳምቡሳ በፌስታል ይዘው መጡ። ሴኪዩሪቲው ከለከለ። "እስረኛ ስንቅ ተከልክሎ ያውቃል? ትራንስሌት አድርግለት እንጂ!" አሉኝ። ትራንስሌት አላደረግኩም፤ ሳምቡሳውን ፓርኪንግ ውስጥ እኔው በላሁት።

የዘወትር ታሳሪያችን ቁጥር ሃያ ሰባት ነበር፤ ግንባሩ ተሰፍቶ የማያልቅ ካናዳዊ። ቆይቶ እሱም ጋሽ ከሊፋን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን በሳቸው እያፈርኩ አንገቴን እደፋ ነበር። በጥር የቡድኑን ኮፍያ ገዛሁ። በመጋቢት ያ ነጭ ሜዳ በሕልሜ ይመጣብኝ ጀመር፤ ድምፅ የለው፣ ሰው የለው፣ ዝም ብዬ እንሸራተትበታለሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ለመግባት መደበኛውን ሰዓት እኩል መጨረስ ይበቃን ነበር። ሁለት ለሁለት ነን። አንድ ደቂቃ ሲቀር ቁጥር ሃያ ሰባት አንዱን ጠልፎ ጣለና ቅጣት ክፍሉ ገባ። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በአንድ ሰው ጎድለን ሳለ ጎል ከተቆጠረብን፣ የተቀጣው ጊዜውን ሳይጨርስ ይለቀቃል። ስምንት ሰከንድ ሲቀር ተቆጠረብን። ያ ሁሉ ሕዝብ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ተፈታ!" አሉ ጋሽ ከሊፋ ብድግ ብለው። "አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተፈታ!"

አዳራሹ ውስጥ የሚያጨበጭቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቻምብሊ ቤታቸው ሳደርሳቸው "ደህና ይደሩ" እንኳ አላልኩም። ከእንግዲህ ከሳቸው ጋር የትም አልሄድም ብዬ ምዬ ተኛሁ።

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ከሊፋ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ድስት በፎጣ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። ገቡና ተቀመጡ። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ብዙ ዝም አሉ።

"እኔ በልጁ መፈታት ተደስቼ ያንተን ሐዘን ዘነጋሁት" አሉ በመጨረሻ። "አጥፍቻለሁ። አላህ ያጽናህ።"

ልስቅ ነበር። ግን በዚህ አገር ስንት ዓመት ስኖር፣ የተሸነፈ ቡድኔን እንኳ ሐዘን ብሎ የሚደርስልኝ ሰው እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እንደምወዳቸውም ያን ጠዋት ነው የገባኝ።

"ጨዋታ እኮ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ ድስቱን እየከፈቱ። "በል፣ ትንሽ ቅመስ።"