እንከን የለሹ ኦቦ ደበላ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህን የተረቱት ሰዎች ግን አዳማ መጥተው የግል ክሊኒክ በር ላይ ወረፋ አልጠበቁም። ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው ስለ ሆዳችሁ ከእናንተ በላይ ያውቃል፤ የምርመራው ገቢም ወደ እሱው ቤት ነው። ታዲያ «ይሄም ምርመራ ያስፈልግሃል» ሲላችሁ፣ ለእናንተ ይሁን ለክሊኒኩ በምን ትለዩታላችሁ?

አጎቴ ኦቦ ደበላ ለዚህ መላ ነበራቸው። የወለንጪቲ ከብት ገበያ ደላላ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት የሚያሻሽጡትን በሬ እንከን በመሸፈን ነው። «በሬ ስትሸጥ እንከኑን ከተናገርክ ዋጋው ይወርዳል፤ ክሊኒክ ገብተህ እንከንህን ከተናገርክ ሒሳቡ ይወጣል። በሁለቱም ዝም ያለ ነው የሚያተርፈው» ይሉኛል።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ሰውነታቸው እየመነመነ፣ ውኃ ጠጥተው አልረካ እያሉ ያስፈሩኝ። እንዳላጣቸው ሰግቼ በግድ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አላቸው ወጣቱ ሐኪም።

«ፈያ፤ ጤና ነኝ። ይሄ ልጅ ነው ያመጣኝ።»

«ምግብስ ይበላሉ?»

«ድንጋይ እፈጫለሁ» ብለው ጥርሳቸውን ገልጠው አሳዩት። እኔ አፌን ልከፍት ስል እግሬን ረገጡኝ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ከደነ። «እንግዲያው ደህና ይሁኑ አባባ። ተረኛ ይግባ!»

ገዢ ጀርባውን ሲሰጥ ዝም ብሎ የሚያይ ደላላ ገና አልተወለደም። ኦቦ ደበላ ከበሩ ተመለሱ።

«ቆይ እስቲ ልጄ… ትንሽ ውኃ ይጠማኛል።» ሐኪሙ ዝም አለ። «ሌሊትም ለሽንት ያስነሳኛል።» አሁንም ዝም። «ዓይኔንም ብዥ ይለኛል።» እንዲህ እያሉ ሙሉውን በሬ አስረከቡት።

ስኳር ነው የተገኘው። አንዲት ምርመራ፣ አንድ ዓይነት ኪኒን፣ ብዙ ምክር። ጥቂት ወራት ቆይቶ ጉንጫቸው ሲሞላ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

በበዓሉ ሰሞን ያው ሐኪም ለክሊኒኩ ሠራተኞች የቅርጫ በሬ ሊገዛ ወለንጪቲ መጣ። ስለ በሬ የሚያውቀው ጥብሱን ብቻ ነው። አንዱን ቀይ፣ መልከ መልካም በሬ መረጠና ወደ አጎቴ ዞረ። በሬው ከሰሞኑ መኖ እንደተወ አጎቴ ያውቃሉ። ካልተሸጠ ደግሞ ኮሚሽን የለም።

«ኦቦ ደበላ፣ ይሄ በሬ ጤነኛ ነው?»

አጎቴ ባለቤቱን አዩ፣ በሬውን አዩ፣ ሐኪሙን አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጤናውስ፣ እኔ መጀመሪያ አንተ ዘንድ የመጣሁ ቀን የነበረኝን ያህል ነው።»

ሐኪሙ ከት ብሎ ሳቀ።

«ተረኛ ይግባ» አለ።