አስራ አራት ማከማቻ በአንድ ሰርቨር

በየመሥሪያ ቤቱ እምቢ ማለት ያልፈጠረበት አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ አይታጣም። እናንተም ዘንድ አለ፤ ምድር ቤት ወርዳችሁ ፈልጉት። እኛ የእኛን ሊቀ ሰርቨር እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን። አለቆቻችን ምንም ሰጥተዋቸው አያውቁም።

የምሠራው በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክፍል ውስጥ ነው። ክቡር ሊቀ ሰርቨር ደግሞ መስኮት በሌለው ምድር ቤት ከአንዲት ሰርቨር ጋር ተፋጠው ይውላሉ። ሰርቨሯ የተገዛችው የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እንድታስቀምጥ ነበር። ከዚያ የካርታ ክፍሉ መጣና ለራሱ ብቻ የሚሆን ዲጂታል ማከማቻ ለመነ። ሊቀ ሰርቨር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "ምን ችግር አለው? ጠጋ ጠጋ ካሉ ይበቃቸዋል" አሉ። ቀጥሎ የፎቶ ክፍሉ፣ ቀጥሎ የጋዜጣ ክፍሉ፣ ቀጥሎ እኔ። ያው አንድ ፕሮግራም ለእያንዳንዳችን እንደ አዲስ እየተጫነ፣ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አስራ አራት ማከማቻ ሆንን።

ኑሯችን ኑሮ እንዳይመስላችሁ። ጋዜጣ የድሮ ዕትሞቹን መጫን ሲጀምር ካርታ ይፈዛል። አንዱ ሲታመም መድኃኒቱ ሰርቨሯን አጥፍቶ ማብራት ስለሆነ፣ አስራ ሦስት ጤነኞች አብረውት ይተኛሉ። የፎቶ ክፍሏ ኃላፊ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆማ፣ "ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረዎት! ማነው ያጠፋን?" ብላ ጮኸች።

"ማንም አላጠፋሽም፣ ልጄ። ጋዜጣን ትንሽ አሞት ነው።"

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ስጠይቃቸው በኩራት አሳዩኝ። የአስራ አራታችንም ቅጂ በየስሙ ተሰድሮ ተቀምጧል፤ እዚያችው ሰርቨር ውስጥ፣ እዚያው ዲስክ ላይ። ደሜ ፈላ። እሳቸው ግን ሌላ ማሽን እንዲገዛ ስድስት ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የስድስቱም መልስ "ያለው እየሠራ አይደለም ወይ?" የሚል ነው። እንዲሠራ ያደረጉት ራሳቸው ስለሆኑ ምን ብለው ይከራከሩ?

ባለፈው ዓመት ዲስኩ መንኳኳት ጀመረ። ሊቀ ሰርቨር የክፍል ኃላፊዎችን በሙሉ ሰበሰቡን። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ዲስኩ እየሞተ ነው። ማሽን ተውሻለሁ፤ አንድ በአንድ እገለብጣለሁ። የት ድረስ እንደሚያደርሰን ግን አላውቅም።"

እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ተባለ። እኔም እንደ ሰው ጮህኩ። ስድስት መቶ ሰዓት የሽማግሌዎችና የአሮጊቶች ድምፅ አለኝ። ካሴቶቹ ሻግተው ተጥለዋል፤ ተናጋሪዎቹም አብዛኞቹ ሞተዋል። ልጆቻቸው የአባታቸውን ድምፅ መስማት ሲያምራቸው የሚመጡት እኔ ዘንድ ነው። ያ ከጠፋ እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ሞቱ ማለት ነው።

ሊቀ ሰርቨር እጃቸውን አነሱ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ዋናው በእጃችሁ አለ የለም?" ጋዜጣ ወረቀቱ አለው፤ ወደ ኋላ። ካርታም እንደዚያው። የእኔ ድምፆች ሦስተኛ ሆኑ።

"የርስዎስ?" አልኳቸው። አስራ አራተኛዋ ማከማቻ የእሳቸው ናት። አስተማሪ የነበሩት ባለቤታቸው ከአራት ዓመት በፊት ሲሞቱ፣ የሚስታቸውን የዕድሜ ልክ ደብተሮች በምሳ ሰዓት ገጽ በገጽ ስካን አድርገው ያስገቡባት ናት። በከፍተኛ ጥራት ስላነሷቸው ማከማቻዋ ከሁላችንም ትከብዳለች።

"ደብተሮቹ ቤት አሉ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ። "የእኔ መጨረሻ ትሁን።"

ሦስት ቀን ፈጀ። የእኔ ድምፆች ተረፉ። ዘጠነኛው አልቆ አስረኛው ሲጀመር ዲስኩ ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያናግረው አልቻለም። አምስት ማከማቻ ቀረ።

ከሳምንት በኋላ ሊቀ ሰርቨር ታመው ከሥራ ቀሩና ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ውሃ የደረሰበት ቦታ እስከ ጉልበት ድረስ ጠቁሯል። ውለታ ለመመለስ ብዬ፣ "ደብተሮቹን ይስጡኝና እኛ ክፍል እንደገና ስካን እናደርግልዎታለን" አልኩ።

መድኃኒት ይዛ የገባችው ልጃቸው ደንግጣ አየችኝ። "የቱን ደብተር? የእማዬን? ጎርፍ የገባ ጊዜ አልቀው የለም እንዴ!"

"አንቺ ደግሞ" አሏት አባቷ።

ወደ እሳቸው ዞርኩ። "ታዲያ ጋሼ፣ ለምን 'ቤት አሉ' አሉን?"

"እውነቱን ብናገር አዝናችሁ ታስቀድሙልኝ ነበራ። የእሷ ብቻዋን አንድ ቀን ተኩል ትፈጃለች። እሷን ስገለብጥ ያንተ ሽማግሌዎች ቢያልፉብኝ፣ ልጆቻቸውን ምን እላቸዋለሁ?"

እኚህን ሰው አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስረግማቸው ኖሬያለሁ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን እወዳቸዋለሁ። ያን ጊዜ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ድምፆቹ ግን በደንብ ይሰማሉ?" አሉኝ።

"ጥርት ብለው፣ ጋሼ።"

"እሰይ" አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።