የጋሽ ግዛቸው ኤሲ

በጉለሌ የመኪና ኮፈን ተከፍቶ አዋቂ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም። ዝናብ አይመልሰውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሞተሩን እንደ ታማሚ ዘመድ አየት አድርጎ «ነገሩ ቀላል ነው» ይላል። በየሰፈሩ አንድ አለ። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለው በእኛ ሰፈር ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ግዛቸው ናቸው። ሥራቸው ሸማ መሸጥ ነው። መኪና ኖሯቸው አያውቅም፤ መንጃ ፈቃድም የላቸውም። «ጭንቅላት ላለው ሰው መሪ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ።

የእኔ መኪና ሞተሯ አርጅቶ በሌላ ተለወጠ። መንዳቱን ትነዳለች፤ ኤሲዋ ግን እምቢ አለ። ለጉለሌ ሰው ይህ ችግር አይደለም። ለእኛ እንጦጦ ራሱ ኤሲ ነው፤ ማጥፊያ የለውም እንጂ። ነገር ግን የባለቤቴ የአዲሳለም ሙት ዓመት ደርሶ ነበር። ያረፈችው በተወለደችበት በድሬዳዋ ነው። እናቷን እማማ ሠርካዲስን ይዤ መሄድ አለብኝ። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪማቸው ከሙቀት ይጠበቁ ብሏል። እሳቸው ደግሞ «የልጄን መቃብር ሳላይ አልቀርም» ብለው ጨርሰዋል።

መካኒኩ ኦልያድ ደጃፌ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። ጋሽ ግዛቸው ከኮፈኑ እኩል ደረሱ።

«የኤሲውን ኮምፕሬሰር የሚያዞረው የድሮው ቺንጋ ለዚህ ሞተር ያጥራል» አለ ኦልያድ።

«ነገሩ ቀላል ነው!»

ጋሽ ግዛቸው ክንዳቸውን ሞተሩ ላይ አጋድመው ለኩና ወጡ። ከሰዓት በኋላ አንገታቸው ላይ ቺንጋ አጥልቀው ተመለሱ። ለጭነት መኪና ይተርፋል።

«ጋሼ፣ ቺንጋ እንደ ነጠላ በክንድ ይለካል እንዴ?» አለ ኦልያድ።

«ደንበኛ የሚቆጣው ሲያጥረው ነው። ትርፉን እንቀመቅመዋለን!»

ኦልያድ ልኩን ፈልጎ አመጣ፤ ጋዙንም ሞላ። ማብሪያው ሲጫን ግን ኮምፕሬሰሩ ዝም አለ። የአዲሱ ሞተር ሽቦ ከአሮጌው ማብሪያ ጋር አልተግባባም። መንገዳችን ደግሞ በማግስቱ ነው።

«ከመብራቱ ስጠው» አሉ ጋሽ ግዛቸው።

«ከየቱ መብራት?»

«ከፊተኛው ነዋ! ኤሌክትሪክ ስንት ዓይነት ነው?»

ኦልያድ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሌላ መላ ስላልነበረው ግን ሞከረው። የፊት መብራቱ ሲበራ ከዳሽቦርዱ ብርድ ወጣ።

በማግስቱ ጋሽ ግዛቸው «ይሄ ነገር ያለ ባለሙያ መንገድ አይወጣም» ብለው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የኋላ ወንበር ላይ ተሰየሙ።

በቀን መብራት አብርቶ የሚሄድ ሰው ወዮለት። ሹፌሩ፣ እግረኛው፣ ፍየል ነጂው ሳይቀር ጣቱን እየገጠመ እየከፈተ «መብራት አጥፋ!» ይለኛል። ጋሽ ግዛቸው በተዘጋ መስኮት «አውቀን ነው!» እያሉ ይጮሃሉ። እማማ ሠርካዲስ ሰላምታ መስሏቸው ለሁሉም እጅ ይነሣሉ።

መተሐራን ስናልፍ ውጭው እሳት ሆነ። ከፊት ወንበር ግን ደጋ ነው። እማማ ሠርካዲስ ድንገት «ግዛቸው» አሉ፤ «ይሄ ብርድ እዚያ ይደርስሃል? ካልደረሰህ መስኮቱን እንክፈተው። አንተ እየተቃጠልህ እኔ አልቀዘቅዝም።»

ጋሽ ግዛቸውን በመስታወቱ አየኋቸው። ለካ ብርዱ ከፊት ወንበር አያልፍም። ሸሚዛቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቋል፤ ከአገጫቸው ላብ ይንጠባጠባል። መስኮት ከተከፈተ ደግሞ ያ ሁሉ ሙቀት እማማ ላይ ነው።

«ኧረ እማማ፣ እኔንማ በረደኝ!» አሉ።

«ውይ፣ አፈር ስሆን!» እማማ ጭናቸው ላይ የነበረውን ጋቢ ወደ ኋላ አቀበሏቸው። «ደረብ አድርገው፤ ንፋሱ እንዳይመታህ።»

ጋሽ ግዛቸው በመስታወቱ እኔን አዩ። ከዚያ ጋቢውን እስከ ጆሯቸው ተከናነቡት። አዋሽ እስክንደርስ አንድም ምክር አልሰጡኝም። ምክራቸው ናፈቀኝ።