ጢንዚዛዋና የቀለበት ጣቴ

«እኔ ምንም አልፈራም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ገና ትዳር አልያዘም። እኔ በበኩሌ ሳልደብቅ እፈራለሁ። ጋምቤላ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ የምፈራው ነገር በርክቶልኛል። ጫማዬን ሳላራግፍ አላደርግም፤ ባሮ ዳር ቆሜ ፎቶ ስነሳ ጀርባዬን ለወንዙ አልሰጥም፤ ሣር ውስጥ ገመድ ወድቆ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ግን እባቡን እንኳ ገና አላየሁትም። ፈሪ ለእናቱ የሚለው ተረትም አያጽናናኝም፤ እናቴ ያለችው ደጋ፣ እኔ ያለሁት ጋምቤላ ኒውላንድ ሰፈር።

ከሁሉ የከፋችብኝ ግን አንዲት ማሽን ናት። በአንድ እጅ የምትያዝ፣ አፏ ላይ አንዴ ትንሽ ሞረድ፣ አንዴ መብሻ፣ አንዴ ሳንቲም የምታክል ክብ መቁረጫ እየተቀያየረ የሚገባላት፣ መብራት ላይ ስትሰካ በዓይን በማይታይ ፍጥነት የምትሽከረከር። ታናሽ ወንድሜ «ለቤት ትጠቅማችኋለች» ብሎ ከአዲስ አበባ ላካት። እሱ ሚኒ ድሪል ይላታል። እኛ ቤት በድምፅዋ የተነሳ ጢንዚዛዋ ተባለች። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ተኝታችሁ የምታውቁ ከሆነ ድምፅዋን ታውቁታላችሁ።

የተላከችው ለእኔ ነበር፤ የወሰደቻት ባለቤቴ ጽጌ ናት። እኔ የመመሪያውን ወረቀት፣ በተለይም የማስጠንቀቂያውን ገጽ፣ አንብቤ ሳልጨርስ እሷ የቤቱን ቢላ ሁሉ ስላ ነበር። ቀጥላ የዛገውን የጓሮ ቁልፍ ቆረጠችው፤ ለአጎበር መስቀያ ግድግዳውን በሳችው፤ የተሸረፈውን የሸክላ ድስት አፍ አለሰለሰችው፤ ጀሪካን በስታ ቧንቧ ገጠመችለትና የእጅ መታጠቢያ አደረገችው። የውሻችንን ጥፍር ልትሞርድ ስትነሳ ውሻው አጥር ዘሎ ጎረቤት ገባ። ከዚያ ዓይኗ የእኔ የተሰነጠቀ ተረከዝ ላይ አረፈ። ያን ቀን ከውሻው ጋር መሄድ ነበረብኝ።

ጽጌን በሰፈሩ ያስጠራት ግን ዕቃ ላይ የቀረጸችው ጽሕፈት ነው። እንደምታውቁት ለቅሶ ወይ ሠርግ ሲኖር ትሪው፣ ጭልፋው፣ ብረት ድስቱ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ሴቶቹ ዕቃቸው እንዳይቀየር ሥሩን ጥፍር ቀለም ይቀቡታል፣ ወይ ጆሮው ላይ ክር ያስሩለታል። ቀለሙ ይለቃል፣ ክሩ ይበጠሳል። የጽጌም አንድ ትልቅ ትሪ ለቅሶ ቤት ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ ዛሬም ስሙን ስታነሳ እንደ ሞተ ዘመድ ነው። እናም በጢንዚዛዋ መብሻ ዕቃዎቿ ሥር «የጽጌ» ብላ ቀረጸች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ትሪውን ይዞ መጣ። አንድ ቀን የቡና ማንኪያዎቹን ለምን እንደተወቻቸው ብጠይቃት «ከቤት የማይወጣ ዕቃ ስም ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

እኔ የማስተምረው ኢታንግ ነው። ሰኞ ማለዳ ሄጄ ዓርብ እመለሳለሁ። መንገዱ አንዳንዴ ሰላም ነው፤ አንዳንዴ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሾፌሩ ወዲያና ወዲህ ስልክ ደውሎ ሳይጠይቅ ሞተር አያስነሳም። እኔ ከእሁድ ከሰዓት ጀምሮ ስለ መንገዱ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። ጽጌ ግን ስለ መንገዱ አንድም ቀን ተናግራ አታውቅም። «ምሳህን ያዝክ?» ትለኛለች፣ በቃ። ልበ ደንዳና ናት እያልኩ በስልክ ለወንድሜ አማርር ነበር።

ታዲያ በአንድ እሁድ ማንጎ ላወርድ እጄን ቅጠል ውስጥ ስሰድ ተርብ የቀለበት ጣቴን ነደፈኝ። ጩኸቴን እለፉት። ጣቴ ማበጥ ሲጀምር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቀለበቱን ላወጣ ታገልኩ። ሳሙና፣ ዘይት፣ ቅባት፤ እምቢ አለ። እንዲያውም በሳብኩት ቁጥር እብጠቱ ጨመረ፣ ቀለበቱም ሥጋ ውስጥ ሰጠመ። የጣቴ ጫፍ መልኩ ተለወጠ፤ ሲነኩትም የማይሰማኝ ሆነ።

ጽጌ ጎረቤታችንን አጁሉን ጠራቻት። አጁሉ የአኙዋ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ ነገር አታበዛም። ጣቴን ጫን አድርጋ አየችና፦

«መምህር፣ ዛሬ ቀለበት ነው የሚቆረጠው። ነገ ግን ጣት ነው» አለች።

«ክሊኒካችሁ መቁረጫ የለም?»

«አለ። ግን እሁድ ነው፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው። ያች የጽጌ ማሽን የት ናት?»

ቄስ ፊት የተጠለቀ የቃል ኪዳን ቀለበት መቁረጥ ገደቢስ ነው ብዬ ተከራከርኩ። «ገደቢሱስ ጣት የሌለው ባል ነው» አለች ጽጌ፣ መቁረጫውን እያጠበቀች።

በረንዳ ላይ አስቀመጡኝ። አጁሉ ከወተት ቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ ብረት በጣቴና በቀለበቱ መሀል በግድ አሾለከች፤ ብረቱ እንዳይግል ደግሞ በማንኪያ ውኃ ጠብ ታደርግበታለች። ውኃ፣ መብራት፣ መቁረጫ፣ ጣቴ፤ አራቱ አንድ ቦታ ተሰብስበዋል። የማስጠንቀቂያው ገጽ ትዝ አለኝ። ጢንዚዛዋ ስትጮህ ዓይኔን ጨፈንኩና የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩትም።

ጽጌ ነካ ታደርጋለች፣ ታነሳለች። ነካ፣ ታነሳለች። ወርቁ እየጋለ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። መሀል ላይ የጢንዚዛዋ ድምፅ ጥፍት አለ።

መብራት ሄደ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ማሽኗ ቆማለች፤ የጽጌ እጅ ግን አልቆመም። ይንቀጠቀጣል። ያን ሁሉ ጊዜ የማሽኗ ነው ያልኩት መርገፍገፍ የራሷ ኖሯል። ጢንዚዛዋን ወለሉ ላይ አኖረችና እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ፊቷ አመድ መስሏል። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር እንደዚህ ፈርታ አይቻት አላውቅም፤ ከጣቴ ይልቅ እሱ አስደነገጠኝ። ሁላችንም ጣቴን እያየን ተቀመጥን። ጣቴ ጠቆር እያለ ሄደ። አጁሉ ከእጄ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል «ይመጣል» አለች፤ ስለ መብራቱ ይሁን ስለ ደሙ አልጠየቅኳትም።

መብራት ሲሄድ ማጥፊያውን መጫን የሚያስታውስ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አላስታወስንም። መብራቱ ድንገት ሲመጣ ጢንዚዛዋ ብቻዋን ነቃችና ወለሉ ላይ እየዘለለች ወደ እግሬ መጣች። ወንበሩ ላይ ወጣሁ። ውሻው ዳግመኛ አጥር ዘለለ። ጽጌ ገመዷን ረግጣ ከሶኬቱ ነቀለቻት፣ ተነፈሰች፣ እንደገና ሰካቻት። «እጅህን አምጣ» አለችኝ። ሰጠኋት። በዚህ ጊዜ ዓይኔን አልጨፈንኩም፤ የማየው ግን ጣቴን ሳይሆን እጇን ነበር።

ቀለበቱ ጠቅ ብሎ ተላቀቀ። አጁሉ በመቆንጠጫ ከፈት አድርጋ አወጣችው። ጣቴ እየቆየ ቀላ፣ ከዚያ አመመኝ። «ካመመ ጥሩ ነው» አለች አጁሉ። ያወረድኩትን ማንጎ ይዛ ሄደች።

እኔ ስተኛ ጽጌ በረንዳ ላይ ነበረች፤ ጢንዚዛዋ ስትጮህ እሰማለሁ። ጥሎበት የማያርፍ ሰው አለ ብዬ ተገላበጥኩ።

ሰኞ ማለዳ ሻንጣዬን ሳነሳ ቀለበቱን በመዳፌ አኖረችልኝ። የተቆረጠበት አፉ ተሞርዶ ለስልሷል፤ ክፍት ነው፣ ከእንግዲህ ቢያብጥም አብሮ ይሰፋል። ወደ ብርሃኑ ዘወር አድርጌ አየሁት። ከውስጥ በኩል፣ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ «የጽጌ» ይላል።

ቀና ስል ፊቷን ወደ ጓዳ መልሳለች። ውጭ ሾፌሩ የኢታንግን መንገድ በስልክ ይጠይቃል። አንድ ነገር ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ምሳህን ያዝክ?»