ባርኔጣ ሲነሳ

በጃንሆይ ጊዜ የመርካቶ ብስክሌተኛ ሌላ ብስክሌተኛ ሲያገኝ መሪውን ለቆ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ አንስቶ እጅ ካልነሳ ጨዋ ይባል ነበር እንዴ? ጎረቤቴ ጋሼ ተሰማ በመሳለሚያ ቁልቁለት ወዳጃቸውን እንዲህ እጅ ሲነሱ ከጭነት መኪና ስር ገቡ። ቀበርናቸው።

በሳምንቱ፣ ጭጋግ በሸፈነው ጠዋት፣ እዚያው በብስክሌቴ ስወርድ የሌላ ብስክሌት ደወል ሰማሁ። ጋሼ ተሰማ ሽቅብ ይመጣሉ፤ ባርኔጣቸው ከፍ ብሏል።

«እንዴት አደርክ ልጄ?»

ምን ላድርግ? ሞተዋል ብዬ ታላቄን ልናቅ? መሪውን ለቅቄ፣ ባርኔጣዬን በሁለት እጄ አንስቼ አጎነበስኩ። የጭነት መኪናውን ጡሩምባ የሰማሁት ቀና ስል ነው። እኔንም አጠገባቸው ቀበሩኝ።

ይኸው አሁን አብረን እንወርዳለን። የዛሬ ብስክሌተኛ ግን ምን ነካው? ባርኔጣችንን ስናነሳለት ፊቱ አመድ መስሎ፣ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይፈተለካል። አሳዳጊ የበደለው!