ለሹም የተጠበቀው ጽጌረዳ

አበባ ተክሎ ለገዛ ቤቱ ሰው የሚሰስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሩቅ አትሂዱ፤ አንዱ እኔ ነኝ። ጣሊያን ጥሎት በሄደው የዘይት ቆርቆሮ ጽጌረዳ ተክዬ ጠዋት ማታ ሳጠጣት፣ ሎሌዋ እንጂ ባለቤቷ አልመስልም ነበር።

በጽጌ ጾም ባለቤቴ፣ «ለእመቤታችን ሥዕል አንዲት ብቻ ቁረጥልኝ» አለችኝ።

«ምነው! ነገ ትልቅ ሹም ይመጣል፤ ለእሱ ነው እኮ ያቆየሁት!»

በማግስቱ ሁሉንም ቆርጬ ወደ ቀሐ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆምኩ። የሹሙ ማኪና አቧራ አልብሶኝ አለፈ። የጠወለገውን ይዤ ተመለስኩና፣ «እንኪ፣ ለእመቤታችን» አልኳት።

«ሹሙ የተወውን?» አለችኝ፣ ሳትቆጣ።

ቀና ብል፣ ከቦይ ዳር የለቀመችው አደይ አበባ ሥዕሉ ሥር በብርጭቆ ተቀምጧል።

ጽጌረዳዬ ዛሬም በየዓመቱ ያብባል። ባለቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቁረጥልኝ ብላኝ አታውቅም።